ለጥናት የተያዘው መዶሻ

ሶዶ ላይ አንድ ክበብ አለን። ሥራው ቡና መጠጣትና መከራከር ነው፤ አንድ ቀን ግን «ዳሞታ ወጥተን ቅሪተ አካል እንልቀም» ተባለ። ማን አለ? እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል! ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ መገኘቷን፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን ሳወራ ከርሜ፣ በመጨረሻ «ዳሞታ ከአፋር በምን ያንሳል?» ብዬ አረፍኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በምን እንደሚያንስ የነገረኝ አብሮን የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የነገረኝም ዳገቱን ካጋመስን፣ ትንፋሼም ካለቀ በኋላ። ሐዳር ላይ ጥንት ወንዝና ሐይቅ ያመጣው ደለል አጥንቱን ሸፍኖ አቆየው፤ ዳሞታ ግን እሳተ ገሞራ የወለደው ተራራ ነው። ቢሆንም ባዶ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የዋሻ ጥላ አለ። ፈረንሳዮች፣ ኋላም አሜሪካዊው ስቲቨን ብራንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ቆፍረውት፣ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰው ይጠለልበት እንደነበር የሚያሳይ የባልጩት መሣሪያ አውጥተውበታል። «አጥንት ግን እዚህ እምብዛም አይቆይም» አለኝ መምህሩ። ሰማሁት ማለት አልችልም። ትከሻዬ ላይ ከጎረቤቴ የተዋስኩት መዶሻ ነበር፤ መዶሻ የተሸከመ ሰው ደግሞ ምክር አይገባውም።

ዋሻው ጋ ሳንደርስ አንድ የእንሰት ጓሮ አጥር ሥር፣ ከጭቃው ውስጥ ነጭ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። በአዲስ ሱሪዬ ተንበረከክኩ። በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ ጠረግሁት። መንጋጋ! ያውም ከነጥርሱ! «ማንም እንዳይነካ!» ብዬ ጮህኩ። ነጠላ ተነጠፈለት፤ ፎቶ ተነሳ፤ ከኔ ጋር፣ ያለኔ፣ ደግሞ ከኔ ጋር። ስም እናውጣለት የሚል ተነሥቶ ክርክር ተጀመረ፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ንግግር ጀመርኩ። ሚሊዮኑን ልጠራ ስል፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያዳምጠኝ የቆየ እረኛ ልጅ በጨዋ ደንብ፣

«ጋሼ፣ ቦቄ ናት» አለኝ።

«ማን ናት?»

«ላማችን። አምና ክረምት ገደል ገብታ ሞተች።»

ባለ ነጠላው ነጠላውን ነቅሎ አራገፈ። ሌላ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሆዱን ይዞ ነበርና።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። መምህሩ ግን ኪሴ ማበጡን አይቶ ኖሯል፤ በመንገድ የለቀምኳቸውን ባልጩቶች በሰው ፊት አስወጣኝ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ነገር መልቀምን እንደሚከለክልም አንድ ባንድ ስመልስ አስረዳኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ለቅሜ አፈሰስኩ።

ጫጫታውን ሰምተው የልጁ አያት «ሳሮ» እያሉ ወጡ፤ ቦይና በዳታ አቀረቡልን። እየበላን መዶሻዬን አየት አደረጉና ለልጁ በወላይትኛ አንድ ነገር አሉት።

«አናጢ ነህ ወይ ትላለች።»

«ነኝ» አልኩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሆነ ነገር መሆን ነበረብኝ።

የበረቱ መዝጊያ ወልቆ ኖሯል። ክበቡ ቦይናውን እየበላ፣ እኔ ምስማር አጣመምኩ፤ አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩ፤ መዝጊያውን ገልብጬ መታሁት። ዝናቡ ሲመጣ ገና አላለቀም። እማማ መዶሻውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ቤት አስገቡት።

«ይቆይ ትላለች። መጥተህ ትጨርሳለህ።»

ጎረቤቴ ስለ መዶሻው በጠየቀኝ ቁጥር ለጥናት ተይዟል እላለሁ።