ቡሆው አይጠብቅም

እስቲ ቡናችሁን ያዙና የላንጋኖውን ነገር ላጫውታችሁ። እኔና ባለቤቴ ልጆች ከወለድን ወዲህ አንድ ወሬ ጀምረን ጨርሰን አናውቅም። ገና «ስማ እንጂ» ስል አንዱ ከወንበር ይወድቃል፣ ሌላዋ ውሃ ትደፋለች፣ ወሬው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ልጆቹን አማቴ ጋ ትተን ቅዳሜና እሑድን ለብቻችን ላንጋኖ እናሳልፍ ተባባልን። ላንጋኖ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃው ደፍርሶ ሻይ ይምሰል እንጂ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ሰው ሳይሳቀቅ ይገባበታል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አሁን ደግሞ ከሞጆ እስከ ባቱ ፈጣኑ መንገድ አለ። ባቱ ስል ዝዋይን ነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ከዝዋይ ሌላ ስም ከአፉ አይወጣም።

የሄድነው በኤሌክትሪክ መኪናችን ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው መንገዱ ወደዚያው ነው። እኔም እወዳታለሁ፤ የነዳጅ ሰልፍ አስረስታኛለች። ማታ ሰክተናት እንተኛለን፣ ጠዋት ሞልታ እናገኛታለን። ለዚህ ጉዞም ባለቤቴ አስቀድሞ ወደ ሎጁ ደውሎ «መኪና የምንሰካበት ሶኬት አለ?» ብሎ ጠይቋል። «ሞልቷል ጌታዬ፣ ጄኔሬተርም አለን» ተብሏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን ጠርጥረን፣ ጠይቀን፣ አረጋግጠን ነው የተመነጠርነው።

አወራረዳችን ያምር ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፣ ላንጋኖ 1,600 እንኳ አይሞላም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናዋ መልሳ ባትሪዋን ትሞላለች፤ ባለቤቴም «አየሽ! ጨመረ!» እያለ ጉልበቴን ይመታኛል። ከሞጆ በኋላ መንገዱ ተዘርግቶ ፍጥነት ሲመጣ ግን ቁጥሩ ይወርድ ጀመር፤ በፍጥነት ሲነዷት ብዙ ትበላለች። ሐይቁ ዳር ስንደርስ 38 ከመቶ ቀርቷል። ግድ የለም፣ ሰክተናት እናድራለን።

ሰካናት። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ተነሥቶ ፀጉሬን ሲያንገላታው፣ እኛ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ስንስቅ፣ አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ተደስተን ሳንጨርስ አንድ ልጅ እጁን እያሻሸ መጣና «እመቤቴ ይቅርታ፣ ጄኔሬተሩ ለአምፖልና ለፍሪጅ ብቻ ነው፤ አራት ሰዓት ላይም ይጠፋል» አለን። ልጁ ምን ያድርግ፣ ስልክ ያነሣው እሱ አይደለም። መብራት ሲመጣ እንዲቀሰቅሰን ማብሪያውን ሳንዘጋ ተኛን። ተኛን ማለቴ ተጋደምን፤ ባለቤቴ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እየተነሣ በመስኮት ያያል። እስኪነጋ አልመጣም።

እሑድ ጠዋት ወደ ባቱ ተመለስን። ማቀዝቀዣውን አጥፍተን፣ መስኮት ከፍተን፣ በሃምሳ ፍጥነት ዳሩን ይዘን። ሲኖትራኩ ጡሩምባውን ይነፋብናል፣ አይሱዙው ይጮህብናል። ቡልቡላ ላይ አንድ ሚኒባስ ሲያልፈን ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «አባባ፣ እንግፋላችሁ?» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። ባለቤቴን አባባ መባሉ ነው የከነከነው፤ እስከ ባቱ ድረስ ፀጉሩን በመስታወት ሲያይ ነበር።

ባቱ ከተማ መብራት አለ፤ መሰኪያ ነው የጠፋው። የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ የተባለው አብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው። ይሄ ነገር እውነት ይቆጨኛል፤ መኪናው ከገባ፣ መንገዱም ከተሠራ፣ ሞጆና መቂ ባቱም ላይ ሰው ቆሞ የሚሞላበት ቦታ ቢኖር ስንቱ ቤተሰብ ሳይጨነቅ ወጥቶ ይገባ ነበር! የሆነው ሆኖ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሁኔታችንን አይቶ «አክስቴ ግቢ እንሂድ» አለን። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ተከተልነው።

አክስቱ እጃቸው ሊጥ እንደነካ ወጡ። ምጣዱ ተሰክቶ እየጋለ ነው። ባለቤቴ በአክብሮት አስረዳቸው፤ መኪናዋ ከተራ ሶኬት የምትስበው ሁለት ኪሎ ዋት ገደማ እንደሆነ፣ ምጣዱ ግን ከሦስት እንደሚበልጥ፣ ስለዚህ እሷ ከምጣዱ እንደምታንስ። እሳቸውስ ሰሙት፤ ግቢው ግን አልሰማውም። ሁለቱ አንድ ላይ እንደተሰኩ ብሬከሩ ወረደ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሳይቀር ዝም አለ፤ ለካ ቆጣሪው የጋራ ነው።

«ቡሆው አይጠብቅም ልጄ» አሉኝ። «ኩፍ ብሏል፣ ካሳደርኩት ይኮመጥጣል። መኪናሽ ትጠብቅ።»

ፍርድ ነው። እንግዲህ ቶሎ ካለቀ ቶሎ እንሰካለን ብዬ ነጠላዬን አሸረጥኩና ምጣዱ ጋ ተቀመጥኩ። ለዚህ ጉዞ ብዬ ጥፍሬን ቀለም ተቀብቻለሁ። እሳቸው ሊጡን ይቀዱልኛል፣ እኔ ከዳር ወደ መሀል አዞራለሁ፣ ዓይኑ ሲወጣ እከድናለሁ፣ በሰፌድ አወጣለሁ፣ ጎመን ዘር በትኜ አስሳለሁ። የሰፈሩ ልጆች መኪናዋን ከበው «ስልክ ናት እንዴ?» ይባባላሉ። የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ምጣዱ ተነቀለ፣ መኪናዋ ተሰካች። ምጣዱ በሁለት ሦስት ሰዓት ይጠግባል፤ እሷ ግን ሌሊቱን ሁሉ የምትጠጣ ናት። የሰኞን ሥራ በስልክ አስፈቀድን።

ባለቤቴ ልጆቹ ገመዱን እንዳይረግጡት በርጩማ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። እማማ ቡና አፈሉና «እንዴት ተገናኛችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኔ የማውቀውን ላወራ ስል እሱ ቀደመኝ። እኔ ድሮ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር፤ እሱም መታወቂያውን ሊያስገለብጥ ይመላለስ ነበር። ሥራ እየፈለገ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ የሚያስገባ መስሎኝ አዝኜለት አንዳንዴ ሳላስከፍለው ሰድጄዋለሁ። ለካ ያኔ ሥራ ላይ ነበር! ኮፒዎቹን ሁሉ ወንደላጤ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያጠራቅማቸው ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር አልነገረኝም፤ ለማያውቃቸው ሴትዮ፣ በሁለተኛው ስኒ ላይ ዘረገፈው። እማማ እልል አሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ያንን መሳቢያ እኮ ስንጋባ በገዛ እጄ ነው ያጸዳሁት።

ሲመሽ እማማ አሰላለፉን ወሰኑ። እኔ ከእሳቸው ጋር አልጋ ላይ፣ ባለቤቴ ሳሎን ሶፋው ላይ። «እኛ እኮ አብረን...» ማለት ጀምሬ ነበር፤ ብርድ ልብሱን አልብሰውኝ ስለ ልጅ ልጃቸው ትምህርት ሲያጫውቱኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ባለቤቴ እግሩ ከሶፋው ተርፎ በርጩማ ላይ ሰቅሎት አደረ።

ንጋት ላይ ስንነሣ የሚበቃንን ያህል ሞልታለች። ገንዘብ ስንሰጥ «እናንተ ምን ነካችሁ!» ብለው ተቆጡን። ባለቤቴ ግን ለባጃጁ ሾፌር አስጨብጦ ለቆጣሪው ካርድ እንዲሞላላቸው አደረገ። ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣነው፤ አዲስ አበባ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ 11 ከመቶ ቀርቶን ነበር።

አማቴ በር ላይ ተቀበለችን። እማማ ቋጥረው የሰጡንን ፌስታል ከእጄ ተቀብላ ፈታችው፤ የትናንት እንጀራ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ።

«እሺ፣ የዝዋይ ዓሣስ?» አለች።

ባለቤቴ እኔን አየ፣ እኔ እሱን። ዓሣ የሚባል ነገር መኖሩ ያኔ ነው ትዝ ያለን።