ባዶ ስም ነው ላላችሁን

«ውስጡ አንዲት ፋይል የሌለው ፓኬጅ ባዶ ስም አይደለም ወይ?» አለኝ አንዱ፣ ስለ ዴቢያን ሊኑክስ «ታይም-ዴሞን» ስናወራ። ፋይልስ የለውም ወዳጄ፣ ሥራ ግን አለው። ክሮኒ፣ ኤንቲፒሴክ፣ ኦፕን-ኤንቲፒዲና ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ የተባሉ ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራሞች «በዚህ ስም ስጠራ አለሁ» ብለው የፈረሙበት ቨርቹዋል ፓኬጅ ነው። ሰዓት ጠባቂ የሚያስፈልገው ፓኬጅ በዚህ ስም ይጣራል፤ ከመካከላቸው የተጫነው አቤት ይላል።

«ሁለቱን ባንድ ላይ ብጭናቸውስ ማን ከለከለኝ?» ስሙ ራሱ ነዋ! አንዱ ያረመውን ሰዓት ሌላው ስህተት ብሎ መልሶ ያርመዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ ፕሮቫይድስ፣ ኮንፍሊክትስ፣ ሪፕሌስስ፤ በሦስቱም ፊት «ታይም-ዴሞን» ይሰፍራል። ፓኬጁ ከራሱ አይጣላም፤ ሌላውን ብቻ ያስወጣል። ታይምሲንክዲ ባለበት ዴቢያን 12 ላይ ክሮኒን ጫን ብለህ እዘዝ፦ ገና ሳትስማማ፣ ታይምሲንክዲ ከሚወገዱት ተርታ ተጽፎ ታየዋለህ።

«ድሮ ያለዚህ እንኖር የለ?» እንዴት እንደኖርን ልንገርህ። ዴቢያን 10 ላይ ታይምሲንክዲ በሲስተምዲ ፓኬጅ ሆድ ውስጥ ነበር፤ ለብቻው ነቅሎ ማውጣት አይቻልም። እናም አንዲት የቅንብር ፋይል ትጠብቀው ነበር፦ ኤንቲፒዲ ካለ አትነሳ፣ ኦፕን-ኤንቲፒዲ ካለ አትነሳ፣ ክሮኒዲ ካለ አትነሳ፣ ቪቦክስሰርቪስ ካለ አትነሳ። አምስተኛ ቢመጣ? በእጅ መጨመር ነው። በ2021 ዴቢያን 11 ሲወጣ ታይምሲንክዲ የራሱ ፓኬጅ ሆኖ ስሙን ፈረመ፤ ልክ የገባው ያኔ ነው።

«ኤንቲፒዴትም ሰዓት ይሞላል፤ እሱስ ለምን አይፈርምም?» አንዴ ሞልቶ የሚሄድ ዘበኛ አይባልማ! ስሙ ውሎ አድሮ ለሚጠብቅ ነው።

 

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። በ2023 ዴቢያን 12 የድሮውን ኤንቲፒ በኤንቲፒሴክ ሲተካ፣ ፓኬጁን በግል ስሙ የጠራ ያረጀ ስም ይዞ ቀረ፤ «ታይም-ዴሞን» ብሎ የጠራ ግን አንድ ፊደል አልነካም። ፓኬጅ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ አዲስ ሰዓት ጠባቂ ስታመጡ ሦስቱን መስመር ሳትጽፉ አትልቀቁት።