ከወንዙ ማዶ ነው

የግራ እግር ጫማዬ ዛሬም ያርኮን ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ቦታውን በትክክል ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ካርታዬ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ችግሩ ካርታው እንግሊዞች እዚህ አገር ሳሉ የሠሩት መሆኑ ነው።

ነገሩ የመጣው በልጄ በኩል ነው። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ የእስራኤል ተማሪ «አቮዳት ሾራሺም» የሚባል ዕዳ አለበት። አያቶችህን ትጠይቃለህ፣ የዘር ሐረግህን ትቆጥራለህ፣ የመጡበትን አገር በካርታ ታሳያለህ። የክፍል ጓደኞቿ ዋርሶ፣ ካዛብላንካ፣ ሰነዓ እያሉ ነጥባቸውን አስቀምጠው ተኙ። የእኔዋ «ሳባ፣ መንደራችሁ የት ነው?» ብላ አባቴን ብትጠይቀው፣ «ከጎንደር ትወጫለሽ፣ ወገራን ትይዣለሽ፣ ሚካኤልን በቀኝ ትተሽ ቁልቁል ስትወርጂ፣ ከወንዙ ማዶ ነው» አላት። ልጅቷ ይህንኑ ስልኳ ላይ ጻፈች። ስልኩ ኪርያት ጋት የሚገኝ ምግብ ቤት አሳያት።

የመንደሯን ስም እዚህ አልጽፍም። ከጻፍኩ አሽዶድና ነታንያ ያሉት ዘመዶቼ «እሱ እኮ የእነ እገሌ ነው፣ የእኛ ከላይ ያለው ነው» እያሉ ስልኬን ያቃጥሉታል።

የቤት ሥራው ግማሽ ስለምንኖርበት ከተማ ስለሆነ፣ ከፔታህ ቲክቫ እንጀምር አልኩ። ቀላሉን አስቀድሜ ለመጨረስ ነበር። እንግሊዞች በማንዴት ዘመን ያወጡት አንድ ለ20,000 የሆነ ካርታ አለ፤ አንዷ ሴንቲሜትር 200 ሜትር ናት። የብርቱካን እርሻው፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ የጋሪ መንገዱ ሳይቀር ተሥሏል። ከዚያ የሚበልጠውን ደግሞ ኮንደርና ኪችነር የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች ከ1872 እስከ 1877 አገሩን እየዞሩ ለክተው፣ በ1880 አሳተሙት። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የሐበሻውን ከዕብራይስጡ ጋር ከቀላቀልኩት አልወጣውም።) በዚያኛው ካርታ ላይ ፔታህ ቲክቫ የለችም። የተመሠረተችው ለኪዎቹ ሥራቸውን በጨረሱ ማግስት፣ በ1878 ነው። በእሷ ቦታ «ሙለቢስ» የምትባል መንደር፣ ጎኗ ረግረግ።

ይህን ለአባቴ ሳነብለት ኪችነር የሚለው ስም አቆመው። ኪችነር ማለት ኋላ በ1898 ኦምዱርማን ላይ ድርቡሾችን የደመሰሰው ጄኔራል ነው። ድርቡሽ ደግሞ በ1888 ጎንደርን ያቃጠለው ነው፤ የአባቴ አያት በልጅነቱ ከእሱ ሸሽቶ ገደል ለገደል ያደረ ሰው ነበር። «ታዲያ ይኼ ሰውዬ እኛ በር ላይ ምን ይሠራ ነበር?» አለ አባቴ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ስለ መሥራቾቹም ነገርኩት። ከኢየሩሳሌም መጥተው ረግረጉ አጠገብ ቤት ሠሩ፣ ወባ ፈጃቸው፣ ወደ ይሁድ ሸሹ፣ ደግሞ ተመለሱ። ዛሬ ጎዳና ሁሉ በስማቸው ነው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ወገራ ተወልዶ ያደገ ሰው ከንዳድ ጋር አይቀልድም። «ደጋ ጠፍቶ ነው? ውኃ የተኛበት ላይ ሰው ይተኛል?» «ባሕር ዛፍ ተክለው አደረቁት እኮ አባዬ» አልኩት። ባሕር ዛፍ ሲባል ትንሽ ለዘብ አለ፤ ምኒልክ አዲስ አበባን በእሱ እንዳለበሷት ያውቃል። ግን «ደረቀ» የሚለውን ቃል አላመነኝም። ልብ በሉልኝ፣ ጫማዬ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

በየካቲት አንድ ዓርብ ጠዋት እኔ፣ ልጄና አባቴ ካርታውን አትመን ያርኮን ዳር ወረድን። ዓላማችን አቡ ራባህ የሚባለውን የድሮ የውኃ ወፍጮ ማየት ነበር። በፓርኩ የተጠረገ መንገድ አለ፤ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ ሰዎች ይሄዱበታል። እኔ ግን ካርታ ይዣለሁ! ካርታው ላይ በሸምበቆው መካከል የሚያቋርጥ የእግር መንገድ ተሥሏል፤ ዳርና ዳሩ ረግረግን የሚያሳዩ ትንንሽ ሰማያዊ ጭረቶች አሉ።

«ወዲህ አትሂድ» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ረግረጉ ድሮ ደርቋል። የወንዙም ውኃ በ1955 በቧንቧ ወደ ኔጌቭ ተወስዷል። ካርታው ነው ያረጀው።»

«ሳሩን አየኸው?»

ሳሩን አላየሁትም። ሦስተኛው እርምጃ ላይ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። እግሬን ስስብ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። ልጄ ፎቶ አነሳችኝ። አባቴ ከደረቁ መሬት ላይ ዱላውን ዘረጋልኝና ስወጣ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር። በዚህ ላይ የሆነ የአትክልት ቦታ ጥበቃ መጥቶ «እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለ። አንድ ጫማ ያደረገ ሰው ምን ብሎ ያስረዳል? ካርታውን አሳየሁት። ካርታውን አየ፣ እግሬን አየ፣ ወደ መንገዱ ጠቆመን። ወፍጮውን ሳናይ ተመለስን።

ማታ እግሬን ታጥቤ ያንኑ አካባቢ በሌላ እትም አየሁት። እስራኤል ከተቋቋመች በኋላ የእንግሊዙን ካርታ ሌላ እስኪሠራ ድረስ ተጠቅመውበታል፤ በላዩ ሐምራዊ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ደርበውበት። ከፔታህ ቲክቫ አጠገብ ፈጃ የምትባል የዓረብ መንደር ነበረች። በ1948 ባዶ ቀርታለች፤ ዛሬ የከተማችን ሰፈሮች መሬቱ ላይ ናቸው። በዚያ ካርታ እንዲህ ያሉ መንደሮች ስም ጎን በቅንፍ «ሃሩስ» ይላል፣ ፈርሷል ለማለት። ስንት ዓመት በዚያ በኩል በአውቶቡስ ሳልፍ ስሟን ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ይህን ትጻፍ ወይስ ትተው ብላ ጠየቀች። እኔ ሳመነታ አባቴ ነው የመለሰው፦ «ሰው የኖረበት ስም አይደለም? ጻፊው።»

ወደ ጎንደር ስንሻገር ያገኘሁት ካርታ የባሰ ሆነ፤ በሩሲያ ፊደል ነው። የሶቪየት ጦር ዓለምን በሞላ ለራሱ አገልግሎት ሥሎ ነበር፤ አገሪቱ ስትፈርስ ካርታዎቹ በባልቲክ በኩል ወጥተው ተቸበቸቡ። የእኛ አገርም አንድ ለ200,000 ሆኖ አለ። እኔ ሩሲያኛ አልችልም። ግን ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ሩሲያኛ የሚያነብ ሰው ፍለጋ ከደረጃ በላይ አያስኬድም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤታችን ሌኒንግራድ መሐንዲስ የነበሩ ባልቴት ናቸው። እናቴ ዳቦ አስይዛን ወጣን።

እሳቸው በሩሲያኛ ያነባሉ፣ በዕብራይስጥ ይነግሩኛል፣ እኔ በአማርኛ ለአባቴ። የየቦታው ስም አባቴ ጋ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ተገርዟል፤ አባቴ ግን ከሦስቱ ሥር የራሱን መንደሮች እየለቀመ ያወጣል። በመጨረሻ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «እዚህ ወንዝ ላይ ‹ብር› ይላል» አሉ።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «ልክ ነው! እዚያ ብር ከፍለን ነው የተሻገርነው!»

ለካ በሩሲያኛ «ብሮድ» ማለት የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ሲያሳጥሩት «ብር» ይሆናል። ወንዙ አንገረብ ነው። በ1984 ወደ ሱዳን ስንወጣ፣ እኔ የ7 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ትከሻ ላይ፣ በሌሊት ያለፍንበት ቆላ። «እኛ ካድሬ እንዳያየን በጨለማ ስንዳብስ፣ እነዚህ መሻገሪያውን ጽፈው በኪሳቸው ይዘውት ኖሯል?» አለ። ጎረቤታችን ትርጉሙን ሲሰሙ የራሳቸው ጥፋት ይመስል ይቅርታ ጠየቁ።

አባቴ በጣቱ መንገዱን ይዞ ወረደ። ካርታው ሱዳን ሳይደርስ አለቀ። ጣቱ ግን አልቆመም፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ስኳር ዕቃው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። «ኡም ራኩባ» አለ። ታናሽ እህቱ እዚያ ካምፕ ነው የቀረችው። ሴትዮዋ ሳይጠይቁ ሻይ ደገሙለት።

መንደራችን ራሷ እዚያ ካርታ ላይ አልነበረችም። እሷን ያወጣሁት አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ከላከልኝ የኢትዮጵያ ካርታ ነው፤ አንድ ለ50,000፣ ጎጆው ሁሉ እንደ ኑግ ፍሬ ጥቁር ነጥብ ሆኖ የተበተነበት። ማርያሙ፣ ጊዮርጊሱ፣ ሚካኤሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ምልክት አለው። የእኛ ጸሎት ቤት ምልክት የለውም። ለነገሩ እኛ «መስጊድ» ነበር የምንለው፤ ለኪው መጥቶ ቢጠይቅ ኖሮ እስላም አድርጎን ሊሄድ ይችል ነበር። እንዲህም ሆኖ አባቴ፣ የቤተ እስራኤል ልጅ፣ አገሩን የሚያስታውሰው በሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሚካኤል ወዲህ፣ ከጊዮርጊስ በታች።

ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ወንዙ ከኮንቱሩ መስመር ጋር ተቀላቅሎ አይለይም። የጎጆዎቹን ነጥብ ለካሁ፣ ቁጥሩን ስልኬ ላይ አስገባሁ፣ የሳተላይቱን ሥዕል ከፍቼ አሳየሁት።

«አይደለም። ከወንዙ ማዶ ነው።»

«አባዬ፣ ቁጥሩ ነው የሚለው።»

«እኛ ውኃ ዳር የሰፈርነው ለምን ይመስልሃል? የምንነጻበት ነው። ጎረቤቶቻችን ‹ውኃ ውኃ ይሸታሉ› የሚሉን ለምን ነበር? ወንዙ መካከላችን ነው። በዚያ የእነሱ፣ በዚህ የእኛ። አንተ ያስቀመጥከኝ ከእነሱ ግቢ ነው።»

ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ሰው በ80 ዓመቱ ሊሳሳት ይችላል፣ ቁጥር አይሳሳትም እያልኩ ለባለቤቴ አስረዳሁ፤ ባለቤቴ ጫማዬን አስታወሰችኝ። ከዚያ አንድ ሌሊት የካርታውን ኅዳግ ሳነብ «አዲንዳን» የሚል ቃል አየሁ። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ዓባይ ዳር የነበረች ቦታ ናት። የዚያ ካርታ ልኬት ከእሷ ተነሥቶ የተቆጠረ ነው፤ ስልኬ ደግሞ የሚቆጥረው በሳተላይቶቹ ስሌት ነው። የአንዱን ቁጥር ወስደህ ለሌላው ሳትመነዝር ከሰጠኸው፣ እኛ አገር ላይ ከ200 ሜትር በላይ ያስትሃል። መነዘርኩት። ነጥቡ ወደ ሰሜን፣ ጥቂትም ወደ ምሥራቅ ተነሣና ወንዙን ተሻገረ።

ጠዋት ለአባቴ ከነማብራሪያው አቀረብኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «ዓባይን ተከትሎ የመጣ ቁጥር» አለ፣ «እንዴት ወንዝ ይሳሳታል?» ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበው። ቤት የለም፤ የታረሰ ማሳ ብቻ ነው የሚታየው፣ ትልሙ ሳይቀር። «ትንሽ ወደ ላይ» አለ። «ሾላው ጋ።» ሾላም አልነበረም፤ እሱ ግን ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ አልቸገረውም። ልጄ እዚያው ነጥብ አደረገች።

«በል አሁን የእናትህን አውጣ» አለኝ፣ ካርታ እንደማይወድ ረስቶት። «የደምቢያዋን። እሷ እንኳ አታስቸግርህም፣ ከወንዙ ወዲህ ናት።»

እናቴ ከማድ ቤት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦ «ማን አለህ? ማዶ ነው!»