ሼር ሳያደርጉ አይለፉ

የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የእኛ ቤተሰብ ድሮ አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ኪራይ ሲያሯሩጠን ገሚሱ ሰበታ፣ ገሚሱ ሱሉልታ፣ እኔ ደግሞ ቡራዩ ወደቅን። ከቡራዩ ሱሉልታ ለመሄድ መጀመሪያ ወደሸሸናት አዲስ አበባ ተመልሶ መግባት፣ አዲሱ ገበያ ደርሶ እንደገና መሰለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ቡና የምንጣጣው በቴሌግራም ሆኗል።

ሰሞኑን የሱሉልታዋ አክስቴ አንድ ወፍ ላኩ። ጅራቱ ቀስተ ደመና፣ ራሱ ላይ ዘውድ። ከሥሩ «በሱሉልታ ሜዳ የታየ ተአምረኛ ወፍ! ሼር ሳያደርጉ አይለፉ» ይላል። ኮምፒውተር የፈበረከው መሆኑን እግሩን የቆጠረ ሁሉ ያውቃል፤ ሦስት ነው። ቤተሰቡ ግን እግር አልቆጠረም። «ግሩም ነው ሥራህ»፣ «አሜን»፣ የተጋጠሙ መዳፎች፣ አሁንም «አሜን»።

እኔን የሚያበሽቀኝ፣ አክስቴ ከደጃፋቸው ትንሽ ራቅ ቢሉ የእውነቱን ያገኙታል። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ በሚያቁርበት ወራት፣ ከእኛ አገር ደጋ በቀር የትም የማይኖር ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይውልበታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 የሳይንስ ስም አውጥቶለታል። ላባው ለብርዱ ወፍራም ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አጋድሞ ሲንጎራደድ ጋቢ ደርቦ ከኢድር ስብሰባ የሚመለስ ሽማግሌ ይመስላል። ሰማያዊውን ክንፉን ካልዘረጋ አያሳይም፤ መብረር ደግሞ እምብዛም አይወድም። ሣር የሚግጠውም በአብዛኛው በሌሊት ነው። እንዲህ ያለ ላይክ የማይፈልግ ፍጥረት እንዴት ብሎ ታዋቂ ይሁን?

ጋጋኖዋ እንኳ ትሻላለች፤ ቢያንስ ትጮኻለች። ጉሮሮዋ ሥር ሥጋ ያንጠለጠለችው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም። ሆኖም ቡራዩ ውስጥ ንጋት ላይ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰችው ሰው «ብርቅዬ» ሲላት አልሰማሁም። የሚላትን እዚህ መጻፍ አልችልም።

ለማንኛውም ገፈርሳ ግድብ ዳር ዝዩን በስልኬ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ደብዘዝ ብሏል፤ እግሩ ግን ሁለት ነው። ከረጅም ዝምታ በኋላ ከሰበታ አንድ ጥያቄ መጣ፦ «ይበላል?»

ይህንንስ በሳቅ አልፌው ነበር። ያላለፍኩት የሥዕሉን ነገር ነው። ዓለም ገና የሚኖር የአጎቴ ልጅ በእርሳስ ይስላል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቋን ካገኘች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ሳላት። ያን ጊዜ ልጁ አልተወለደም፤ የሳላት ስለሚወዳት ብቻ ነው። ጥርሷን በእርሳስ አልነካውም፤ ዙሪያውን አጥቁሮ ወረቀቱን ራሱን ነው ያሳቀው። ስሙን ከታች፣ ከጫማዋ አጠገብ፣ በደቃቅ ፊደል ጻፈ።

ሥዕሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ግሩፓችን ተመለሰ። ላኪዋ አክስቴ ናቸው። ስሙ የለም። ስሙን ለማጥፋት ሲሉ ሥዕሉን ከታች ቆርጠውታል፤ የደራርቱ እግርም አብሮ ሄዷል! የሯጭ እግር! በምትኩ መሃል ደረቷ ላይ የአንድ ቻናል ዓርማ ተገትሯል። ይህን ያደረገ ሰው «ሼር ነው ያደረግኩት» እንዳይለኝ፤ ሌባ ነው። ከሰው ኪስ የሚያወጣ ሌባ እንኳ ቦርሳውን ባደባባይ ዘርግቶ «የኔ ነው፣ አድንቁልኝ» አይልም። አክስቴ ደግሞ ምስኪን፣ ከሥሩ «እዩ የሰው ልጅ! የእኛም ልጅ ከዚህ ቢማር» ብለው ጽፈዋል። ልጁ የመለሰው አንድ አውራ ጣት ብቻ ነው።

ስም መቁረጥ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ መለጠፉም ላይ ማን ይችለናል። ባለቤቱ የጠፋ ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ገብረሐና ይሰጣል። የሚገርመው፣ የአለቃ የራሳቸው የሚባለው ትልቁ ሥራ፣ ያ ካህናቱ የሚወዛወዙበት የአቋቋም ስልት፣ የሚጠራው በልጃቸው በተክሌ ነው። ያልተናገሩትን ቀልድ ሰጥተናቸው አቋቋማቸውን ለልጃቸው አወረስን። ለነገሩ ልጅ ነው፤ ቅር አይላቸውም ይሆናል።

ትናንት ማታ ደግሞ አዲስ ደርሶናል፤ አለቃ እዚሁ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ላይ በመልስ ሰበብ ከታክሲ ረዳት ጋር ሲከራከሩ። የምኒልክ ዘመን ሰው ሚኒባስ ተሳፍረው! ቀልዱ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያስቃል። አለቃ እንደ ወትሮው በነገር ይረቱታል። ረዳቱ መልሱን ይመልስላቸው አይመልስላቸው ቀልዱ አይናገርም፤ የአሸዋ ሜዳን ረዳት የሚያውቅ ግን ይገምታል።