ሦስት ብልት ስላለው ቴፕ፦ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

አክስቴ የሚኖሩት አማኑኤል ከተማ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ቡፌያቸው ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ዕቃ የዚህ ጥናት ብቸኛ ናሙና ነው። ናሙናው አነሰ ለሚል ተቺ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ እንደሌለ በትሕትና እናስታውቃለን።

ዕቃው «ቴፕ» ይባላል። ካሴት፣ ራዲዮና ሲዲ በአንድ ሆድ የያዘ ነው። ስሙን ያወጣለት ካሴቱ፣ ካሴት መብላት ጀምሮ ከሦስቱ ቀድሞ ሞተ። በቅርቡ ደግሞ ሲዲው ትንሽ ይሽከረከርና «ኖ ዲስክ» የሚል ጽሑፍ ማውጣት አመጣ። ዲስኩ ሆዱ ውስጥ ነው፤ እሱ የለም ይላል። ራዲዮው ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረውን የጀርመን ድምፅ ጥርት አድርጎ ያመጣል።

እዚህ ላይ የትርጓሜ ችግር ገጠመን። ከሦስት ብልቱ አንዱ የቀረለት ዕቃ «ተበላሸ» ይባላል? አክስቴ «እሱስ ደህና ነው፤ ሲዲውን ብቻ ነው እምቢ ያለ» ባይ ናቸው። እምቢታ ከብልሽት የተለየ ምድብ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የተበላሸ ይጠገናል፣ እምቢ ያለ ይመከራል። በዚሁ መሠረት ቴፑ ጎኑን ሁለት ጊዜ በጥፊ ተመከረ። ለአንድ ዘፈን ያህል ሰማ።

ወደ መንስኤው እንግባ። የሲዲ ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ነው፤ በዚያ ዘመን ስለ ቡና ጭስ ያሰበ መሐንዲስ የነበረ አይመስልም። ዲስኩ ላይ ያለው መስመር እጅግ ቀጭን ከመሆኑ የተነሣ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ከ600 በላይ ይደረደራል፤ ቢተረተር ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ገበያ በእግሩ ለሚመጣ ሰው ቅርብ ነው፣ ከሽምብራ ለምታንስ ሌንስ ግን አገር ነው። በአክስቴ ቤት ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፣ በየጊዜው ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ ሌንሷ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ አቧራ ይጨመርበታል፤ ዳንቴሉ ደግሞ ሙቀት እንዳይወጣ ያፍናል። ከአቧራ ሊጠብቀው የለበሰው ልብስ ነው የሚያፍነው።

የአጎቴ ልጅ ሌንሷን በዳግም አረቄ ጠረገ። ባለሙያዎች በአልኮል እንደሚያጸዱ ሰምቶ ነው። ከዚህ አረቄ ገሚሱ ውሃ መሆኑን ግን አልሰማም፤ ከጠርሙሱ የቀረውን ደግሞ ሌንስ ለሌላቸው ሰዎች አከፋፈለ። ክዳኑ እንደተከፈተ አክስቴ ጎንበስ ብለው «መቼ በራና?» አሉ። የሲዲ ጨረር ለሰው ዓይን እምብዛም የማይታይ መሆኑን፣ ጎንበስ ብሎ ማየትም ለዓይን እንደማይበጅ ብናስረዳ «የማይታይ መብራትማ እኛም አለን» ብለው ወደ አምፖሉ አመለከቱ። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

«ይለወጥ» የሚለው ወገን ክርክሩን የተሸነፈው በቃሉ ምክንያት ነው። መለወጥ ሲባል ለአክስቴ ትዝ ያላቸው «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ነው። ልጁ ቴፑን አገላብጦ አይቶ አንድ የፕላስቲክ ማስታጠቢያና ሁለት ኩባያ አቀረበ። «ማስታጠቢያው ዜና ያወራል?» ተብሎ ተሸኘ።

ስለዚህ ጥገናው ጸደቀ። ቴፑ እንደ ሕፃን ታቅፎ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ወረደ። ጠጋኙ ከፈተና «ሌንሱ ሞቷል» አለ። አዲስ ሌንስ የለውም፤ መደርደሪያው ላይ ግን ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ቴፖች ተደርድረዋል፣ ከእነሱ አንዱን ፈትቶ ይገጥማል። የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ይህ ነው፦ ጠጋኝ የሚኖረው በለዋጭ ነው። አንዱ አሮጌውን ጥሎ አዲስ ካልገዛ፣ ሌላው አሮጌውን ማስጠገን አይችልም። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ መናናቃቸው እንግዲህ ውለታ ቢስነት ነው።

«ነገ» የተባለው ቴፕ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ሲዲው ያነባል። ራዲዮው ግን ድምፁ ጠፍቷል። ከጥገናው በፊት ከሦስቱ አንዱ ይሠራ ነበር፤ ከጥገናው በኋላም ከሦስቱ አንዱ ይሠራል፤ በአኃዝ ረገድ የታየ ለውጥ የለም።

አክስቴ ስልክ አስደወሉ።

«የኔን ሌንስ መልስልኝ፤ ራዲዮዬም ይመለሳል።»

«እትዬ፣ እሱንማ ለሌላ ሰው ገጠምሁት» አለ ጠጋኙ።

«የሞተውን?»

«ጠረግ አደረግሁት፤ ደህና ይሠራል።»