ለእንዶድ የስም ሰሌዳ፣ ለጤፍ አራት ሺህ ዩሮ

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ቴክኖሎጂ አያሸጋግሩም የሚል ሐሜት በየስብሰባው ይሰማል። ሐሜቱ ግፍ ነው። በየግቢው «የኢንዱስትሪ ትስስርና የቴክኖሎጂ ሽግግር ዳይሬክቶሬት» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የተለጠፈበት ቢሮ አለ። ቢሮው ዳይሬክተር አለው፤ ዳይሬክተሩ ማኅተም አለው፤ ማኅተሙም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከፋብሪካ ጋር፣ ከዞን መምሪያ ጋር፣ ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ አንዳንዴም ከሁለት ዓመት በፊት ከተፈራረሙት ከዚያው ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል። ሁለቱ ኃላፊዎች ማኅደር ተለዋውጠው፣ ተጨባብጠው ወደ ካሜራው ይዞራሉ። የቀረውን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይጨርሰዋል።

ኤግዚቢሽንም አለ። የእንሰት መፋቂያው፣ የእህል መውቂያው፣ የአትክልት ማድረቂያውና ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ አዲስ ቀለም ተቀብተው ድንኳን ውስጥ ይሰለፋሉ። የክብር እንግዳው ሪባን ቆርጦ ይገባል፤ የአንዱን ማሽን እጀታ አንድ ጊዜ ያዞራል፤ «በርቱ፣ ይህን ወደ ማኅበረሰቡ አውርዱት» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ማሽኑ በማግስቱ ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ወደ ዎርክሾፑ ጥግ ይመለሳል፤ የከርሞ ሰው ይበለን እያለ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነው፤ ዕቅዱ «በኤግዚቢሽን መሳተፍ» ነበርና።

ይህን ትጋት ያልተረዱ ሰዎች «ፓተንቱስ የት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የጠያቂዎቹ ችግር የሀገሩን ደግነት አለማወቃቸው ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪ ያገኘውን ለብቻው አይበላም። የሦስት ዓመት ድካሙን ከነቅመማው፣ ከነመጠኑ፣ ከነሙቀት ልኩ ጆርናል ላይ ይዘረግፈዋል። ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያሻግረው የታተመ ጽሑፍ ነውና፣ ጆርናሉ የማሳተሚያ ከጠየቀም ይከፈላል። በአውሮፓ የፓተንት ሕግ ደግሞ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት በማንኛውም መንገድ ለሕዝብ የተገለጠ ነገር እንደ አዲስ ፈጠራ አይቆጠርም። ስለዚህ ጽሑፉ በወጣበት ቀን ተመራማሪው ወደ ማዕረግ አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ ዩኒቨርሲቲው በአውሮፓ ሊኖረው ይችል የነበረውን መብት ያጣል። ስጦታውን ሰጥቶ የማድረሻውንም ሒሳብ የሚከፍል ለጋስ ማለት ይህ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከወጣ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ሆኖታል። አዋጁ ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨምራል። ሠራተኛ ለተቀጠረበት ሥራ ሲል ያፈለቀው ፈጠራ የአሠሪው መሆኑንም ይደነግጋል። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ዛሬ ባለሥልጣን ተብሏል። እንግዲህ በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ የተፈጠረው ነገር የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ንብረት መጠበቅ ያውቅበታል። ለገባ ወንበር ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ለወጣ ወንበር ሞዴል 22። የወንበሩ ጀርባ ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፋል። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የቆጠራ ኮሚቴ ይዋቀራል፤ አበልም ይታሰብለታል። ሥራ የሚለቅ መምህር የተረከበውን ኪቦርድ ሳይመልስ ክሊራንስ አይፈረምለትም። የላቦራቶሪ ማስታወሻው ላይ ስለጻፈው፣ ለውጭ አጋሩ በኢሜይል ስለላከው፣ ናሙና አድርጎ በሻንጣ ስላሻገረው ግን የሚጠይቀው የለም። ለእሱ ሞዴል አልታተመለትም።

የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲ ይኑረን የሚል ሐሳብ ሲነሳም ተቃዋሚ የለውም። ኮሚቴ ይሰየማል፤ ረቂቅ ይዘጋጃል፤ ረቂቁ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ይመከርበታል። ምክክሩ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፦ ፈጠራው ገቢ ቢያስገኝ የፈጣሪው ድርሻ ስንት በመቶ ነው? አንዱ «ደመወዝ ይከፈለው የለም እንዴ?» ይላል። ሌላው የፋይናንስ ደንብ ይጠቅሳል። ሦስተኛው ለሚቀጥለው መድረክ ይቆየን ይላል። የሚያካፍሉት ገቢ ገና ስላልተፈጠረ ማንም አይቸኩልም። ተመራማሪው ግን የሰማውን ሰምቷል፤ ያሰበውን ለዩኒቨርሲቲው ከማሳወቅ ይልቅ በዝምታ ይዞት ይቀመጣል፤ ወይም ድርሻውን አስቀድሞ ለሚነግረው የውጭ አጋር ይሰጠዋል።

ይህ አሠራር ያፈራውን ለማየት ሁለት ዕፅዋት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያን ተውሳክ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንደሚበዙ አስተዋሉ። ከዚህ አስተውሎት የተነሳው ምርምር የሩብ ምዕተ ዓመት ሥራ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። በቀጣዩ ዓመት ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ በአሜሪካ ኦሃዮ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ ወቅት ታላላቆቹን ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ባለዛጎል ፍጥረት ወርሯቸው የውሃ ማስገቢያ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። ቀንድ አውጣ የገደለ እንዶድ ይህንንስ አይገድልም ወይ ተባለ። ተሞከረ፤ ገደለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሀገራችን ዳይሬክቶሬቶች እንግዳ ነገር ነው። ሪባን ሳይቆረጥ ማመልከቻ ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ እንዶድን ለዜብራ መስል መከላከያነት ለመጠቀም የሚያስችለው ፓተንት በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ወጣ። ተክሉ ከኢትዮጵያ ነው፤ ፍንጩ ከአድዋ ልብስ አጣቢዎች፣ የዓመታት ምርምሩ ከአዲስ አበባ፤ የባለቤትነት ወረቀቱ ከኦሃዮ። የቶሌዶ ሰዎች አጥር አልዘለሉም፤ ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሥራ ነው የሠሩት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ድርሻውን አልዘነጋም፤ ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱትን ተቋም አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ብሎ ሰየመው። ክብሩ ለመሥራቹ ሲያንሳቸው ነው። ቶሌዶ ፓተንቱን፣ አዲስ አበባ የስም ሰሌዳውን ይዘው በሰላም ተለያዩ።

ሁለተኛው ጤፍ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ተቋማቱ ባዶ እጃቸውን አልቀረቡም፤ ውል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ስምምነት ፈረሙ። ውሉ በወረቀት ደረጃ እንከን አይወጣለትም። ኩባንያው በጤፍ ሀብተ ዘር ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ከትርፉ እንዲያካፍል ያስገድዳል፤ ለጤፍ ልማት በሚቋቋም ፈንድ ውስጥ በየዓመቱ ከ20 ሺህ ዩሮ የማያንስ እንዲያስገባ ያዛል። ስለ ጥቅም መጋራት የሚናገሩ ሁሉ ለምሳሌነት ይጠቅሱት ጀመር።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች። ዘሩ ከውሉ ቀድሞ ኔዘርላንድስ ገብቶ ነበር። የጤፍ ዱቄት አዘጋጃጀትን የሚመለከተው የፓተንት ማመልከቻም ውሉ ሲፈረም ከገባ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። የፈጠራው እምብርት፣ ጤፍ እንደታጨደ ሳይሆን ለሳምንታት ተቀምጦ ሲፈጭ ለመጋገር የተሻለ ዱቄት ይወጣዋል የሚል ነው፤ በላቦራቶሪ ቁጥር ተለክቶ፣ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ። ከዱቄቱ የሚጋገረውም አብሮ ተጠቃሏል። ጤፉን ጎተራ አስገብቶ ዓመቱን ሙሉ እየቀነሰ የሚያስፈጭ ሕዝብ፣ ለካ ሳያውቀው በረቀቀ የምግብ ኢንጂነሪንግ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ኖሯል!

ገቢውስ? ከዚህ ሁሉ ኢትዮጵያ ያገኘችው ወደ 4 ሺህ ዩሮ ነው። በወቅቱ ምንዛሪ ሃምሳ ሺህ ብር ገደማ መሆኑ ነው፤ ስለ ጥቅም መጋራት የሚመክር የሁለት ቀን አውደ ጥናት ለአዳራሽና ለምሳ ይጨርሰዋል። ፈንዱ አልተቋቋመም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ኤንሸንትግሬን ወደተባለ ሌላ ኩባንያ ተዛወረ። ውሉን የፈረመው የከሰረው ነው፤ ፓተንቱን የያዘው ያልፈረመው ነው። የኢትዮጵያ ተቋማት እጅ ላይ የቀረው ተከሳሽ የሌለው ፍጹም ውል ሆነ።

«ጤፋችን ተዘረፈ» የሚለው ጩኸት ተከተለ። የኩባንያው ሰዎች ያደረጉት የሚያስመሰግን አይደለም፤ ጩኸቱ ግን ለተቋማቱ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሌባ ሲገኝ የፈራሚውን ስም የሚያነሳ የለም። ከመፈረም በፊት የፓተንት መዝገብ ማን አየ? ውሉ የኩባንያውን ባለቤቶች ለምን በግል አላሰረም? ኩባንያው ቢከስር የሚል አንቀጽ ማን ረሳ? እነዚህ ጥያቄዎች ለአርበኝነት ንግግር አይመቹም።

በመጨረሻ ፓተንቱ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራው ለፓተንት የሚያበቃ የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው፤ ወሬው በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ሲሰማ በማኅበራዊ ሚዲያ ድል ተባለ። ከሳሹ ኤንሸንትግሬን ነበር፤ ተከሳሹ ቤክልስ የተባለ፣ የጤፍ ዱቄት ለዳቦ ጋጋሪዎች የሚያቀርብ ተፎካካሪ። ጠበቃ የቀጠረውም፣ ማስረጃ ያቀረበውም ቤክልስ ነው። ኢትዮጵያ በመዝገቡ ላይ አልነበረችም። የቴክኖሎጂ ሽግግር ዳይሬክቶሬቶቻችን ለዚህ ዱቄት ነጋዴ የምስጋና የምስክር ወረቀት ማዘጋጀት አለባቸው፤ ከተቻለም የመግባቢያ ሰነድ ቢፈራረሙት።

«ፈረንጆቹ ገንዘብ ስላላቸው ነው» የሚለው መልስ መቼም ዝግጁ ነው። ኢትዮጵያ የጤፉን ውል በፈረመችበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2005 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለጉግል የፍለጋ ዘዴ በሰጠው ፈቃድ ምትክ ያገኘውን አክሲዮን በ336 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። እንዲህ ያለ ዕድል ግን እዚያም ብርቅ ነው፤ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፈቃድ ቢሮዎች ወጪያቸውን እንኳ አይሸፍኑም። ከአዳማ፣ ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር ጉግል አምጡ ያለ የለም። የሚጠየቀው ከዚያ እጅግ የረከሰ ነገር ነው፦ ምን እንደፈጠሩ የሚጻፍበት መዝገብ፣ ጽሑፍ ወደ ጆርናል ከመሄዱ በፊት የሚያየው አንድ ባለሙያ፣ የውጭ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚያነበው አንድ የሕግ ሰው፣ እንዲሁም በደረጃ ዕድገት ደንቡ ውስጥ ለፓተንት የሚሰጥ ነጥብ።

ስለዚህ ለፕሬዚዳንቶችና ለዳይሬክተሮች አንድ ልመና ይቅረብ። በዚህ ዓመት አንድ ኤግዚቢሽን ይቅር። ለድንኳኑ፣ ለባነሩና ለቲሸርቱ የተያዘው በጀት ዎርክሾፑ ጥግ ከቆሙት ማሽኖች መካከል አዲስ የሆነውን ለይቶ ለማስመዝገብ ይዋል። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑ አዲስ አበባ ነው፤ ማመልከቻውንም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል።