ፎቅ የወጣ አፈር

ባለፈው ሐምሌ ግማሽ ጆንያ አፈር በገንዘቤ ገዝቼ አራተኛ ፎቅ አስወጥቻለሁ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ከተማው አዲስ አበባ ነው፤ ዕቃው አፈር ነው። ከታክሲ ወርጄ ብሎካችን በር እስክደርስ ጫማዬ ሥር ተለጥፎ የሚገባው ጭቃ ራሱ አንድ መደብ ጎመን ያበቅላል። እኔ ግን መንገድ ዳር ካለው ችግኝ ሻጭ ዘንድ ቆሜ፣ «ይሄ አፈር ንጹሕ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው አፈሩን አየ፣ እኔን አየ፣ «አፈር ነው» አለኝ።

የተሸከመልኝ ጎረምሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጆንያውን አሳርፎ፣ «ጋሼ፣ ምንድን ነው ውስጡ?» አለ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ግቢው ጭቃ ተመለከተ። ከዚያ ዋጋ ጨመረብኝ።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። የአራት ዓመቷ ልጃችን ሚጡ ቤት መዋል ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት ከስልኬ ጋር ተዋወቀች፤ በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን ስፈልግ እሷን ማስፈቀድ ጀመርኩ። ባለቤቴ ደነገጠች። ስትደነግጥ ደግሞ ታነባለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እንደ ፈረንጆቹ) ያወጣውን መመሪያ ከየትም ፈልጋ አገኘችው። ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 60ው ደቂቃ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚያደርግ ይሁን፤ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ደግሞ ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል።

ጥሩ መመሪያ ነው። ልጅ ደጅ ቢለቀቅ ይህን ሁሉ ደቂቃ ሳያውቀው ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። እኛ ግን በሠንጠረዥ ከፋፍለን ፍሪጅ ላይ ለጠፍነው። ከ3፡00 እስከ 3፡20 የጣት ቅልጥፍና። ከ3፡20 እስከ 4፡00 ፊደል። ከ4፡00 እስከ 4፡30 ነፃ ጨዋታ። ነፃ ጨዋታው የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ያለው መሆኑ ያኔ አንዳችንንም አልከነከነንም። አንድ ቀን ሚጡ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስትሮጥ ባለቤቴ ሰዓቷን አይታ፣ «ገና ነው፣ ቆይ» አለቻት።

ቀጥሎ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም «ለልጆችዎ 50 የክረምት የውጭ ጨዋታዎች» የሚል ዝርዝር ላከልኝ። ከፈረንጅ የተተረጎመ ነው። የመጀመሪያው መስመር «በዚህ ፀሐያማ ክረምት» ይላል። መስኮቱን አየሁ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የጎረቤታችንን ዲሽ ይደበድባል። ቀጠልኩ። «በጓሮዎ ሣር ላይ የውሃ መርጫ ከፍተው ልጆችዎን በሥሩ ያሯሩጡ።» ጓሮዬ በረንዳ ነው፤ ርዝመቱ አንድ የልብስ ማስጫ። ውሃው በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ እኛ ራሳችን ነን ጀሪካን ይዘን የምንሯሯጠው። «መጫወቻ በበረዶ ውስጥ ቀብረው ያስቆፍሩ።» ይሄ እንኳ ሐምሌ ላይ ከሰማይ በነፃ ይመጣል።

በተርጓሚው አልፈርድም። «ሰመር» ክረምት ነው ብሎ የወሰነው እሱ ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ግንቡ ላይ የሰቀለው ባነር «ሰመር ካምፕ» ይላል። ዘንባባ አለበት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ፀሐይ አለችበት፣ አሸዋ ላይ የተተከለ ትልቅ ዣንጥላ አለበት። ባነሩ ውሃ ቋጥሮ ሆዱ ወደ ፊት ተነፍቷል። ከሥሩ ልጆች በሹራብ ላይ ካፖርት፣ በካፖርት ላይ የዝናብ ልብስ ደርበው እንደ ዳቦ አብጠው ከመኪና ይወርዳሉ። ከሥዕሉ ውስጥ በሰፈራችን በእውን የሚታየው ዣንጥላው ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ ባነሩ ጨርሶ አልዋሸም። ነሐሴ ማብቂያ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ በአዲስ አበባ አናት ላይ ትሆናለች። እኛ ግን አናያትም። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያወርዳሉ፤ ሁለቱ ብቻቸውን የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሸፍናሉ። የልጆቻችንን ዕረፍት እዚያ መሀል አስገብተን ስናበቃ፣ በነጋ በጠባ «ልጁ ምን ይሥራ?» እንላለን።

ከሃምሳው ጨዋታ የመረጥነው «የጭቃ ኩሽና» የሚባለውን ነበር። ልጅ በጭቃ ስትጫወት ጣቷ ይፍታታል፣ ቆዳዋ ልዩ ልዩ ነገር ይለምዳል፣ ፈጠራዋ ይዳብራል ተብሏል። አፈሩም የተገዛው ለዚህ ነው። ባለቤቴ የበረንዳውን ወለል ላስቲክ አነጠፈችበት። እኔ አፈሩን በዱቄት ወንፊት ነፋሁ፤ ጠጠሩን፣ ሥራሥሩንና ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ጥቁር ነገር ለየሁ። ሳፋ አቀረብን። ለብ ያለ ውሃ አዘጋጀን፤ ብርድ እንዳይመታት። ሽርጥ አሰርንላት። ጓንት ግን አላደረግንላትም፤ ዝርዝሩ ቆዳዋ ይንካው ስላለ።

በዚህ መሀል አማቴ መጡ። ነጠላቸውን ሰብስበው በረንዳው በር ላይ ቆሙና ሳፋውን፣ ላስቲኩን፣ ወንፊቱን በየተራ ተመለከቱ። «ምን ልትሠሩ ነው?» አሉ። ባለቤቴ ከጣት ቅልጥፍና ጀምራ እስከ ፈጠራ ድረስ አስረዳቻቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይሄ ሁሉ ለእቃቃ ነው?» አሉ።

እቃቃ! ቆርኪው ድስት፣ ጭቃው ወጥ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ እንጀራ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳው ከነፀጉሩ ልጅ። ስሙ ምላሴ ላይ ተወልዶ ያደገ ጨዋታ ነው፤ «የጭቃ ኩሽና» ተብሎ ቢመጣብኝ ሳላውቀው ቀረሁ። ተዋውቄ፣ ተቀብዬ፣ ከፍዬ አስገባሁት።

ሚጡ እጇን ሳፋው ውስጥ ከተተች። ጨመቀች፣ ለቀቀች። «ትል የለውም?» አለችኝ። «የለውም!» አልኩ፣ ወንፊቱን ለምስክርነት አንሥቼ። «ታዲያ ማን ነው የሚኖርበት?» መልስ አልነበረኝም። እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ተነሣች። በሰዓት ይዤዋለሁ፤ ጨዋታው 11 ደቂቃ ቆየ። ላስቲኩን ማጠቡ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ሁለት ጀሪካን ውሃም በላ።

ደጅ ለምን አላወጣናትም? ልክ ነው፣ ይጠየቃል። እኛ ለየአየሩ በሽታ ያዘጋጀን ሕዝብ ነን። ፀሐይ ሲወጣ ምች አለ። ሲዘንብ ጉንፋን። ሲነፍስ ብርድ። ደመና ብቻ ሲሆን ደግሞ «ሊዘንብ ነው፣ ግቢ»። ሚጡ አራስ ሳለች አጥንቷ እንዲጠነክር ሐኪም አዞን ጠዋት ጠዋት ቅቤ ቀብተን ፀሐይ እናሞቃት ነበር። አራት ዓመት ሲሞላት ያቺው ፀሐይ ጠላት ሆነች። ክረምት ላይ ጠዋት ብዙውን ጊዜ ሰማዩ ገለጥ ይላል፤ ዝናቡ የሚያጉረመርመው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ግን በሠንጠረዡ መሠረት ፊደል ነው።

ጎረቤቶቼም ከእኔ አይሻሉም፤ ይህንን ለመጽናናት ነው የምጽፈው። ሐምሌ ላይ የብሎኮቹ ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አንደኛው አጀንዳ ልጆቻችን ስልክ ላይ ተጣብቀው መዋላቸው ነው። አንድ አባት ተነሥተው፣ እኛ ድሮ ብይ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንዴት እንዳደግን ሲያወሩ የአዳራሹ ዓይን እንባ አቀረረ። (በጭቃ ሆነን ስንገባ ስለሚወርድብን አለንጋ ማንም አላነሣም።) ሦስተኛው አጀንዳ ኳስ ግድግዳ ማቆሸሹና የጅራፍ ጩኸት ነበር። በግቢ ውስጥ ኳስም ጅራፍም ክልክል ይሁን ተባለ። ሁለቱም አጀንዳዎች በሙሉ ድምፅ ጸደቁ። እኔም እጄን ሁለቴ አውጥቻለሁ። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተተወው ቦታ ላይ አምስት መኪና ይቆማል፤ ከአምስቱ አንደኛው ከተንቀሳቀሰ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ለድብብቆሽ የተረፈላቸው እሱ ነው።

ቡሄ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወርዶ እንዳባራ፣ ሚጡ ጠፋች። አልጋ ሥር የለችም፣ መጋረጃ ኋላ የለችም። ቁም ሣጥንም ከፈትን። በመጨረሻ ከበረንዳው ወደ ኋላ ጓሮ ሳጎነብስ፣ ከአሸንዳው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዙሪያ ስድስት ሰባት ልጆች ቁጢጥ ብለዋል። አንደኛዋ በቤት ውስጥ ጫማና በፒጃማ ነች።

ግድብ እየሠሩ ነው። ሥራውን የሚመራው የሦስተኛ ፎቁ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ «ኢንጂነር» ይሉታል። ድንጋይ ከታች፣ ጭቃ ከላይ፣ ውሃ የሚያፈስበት ላይ የተጨፈለቀ ሃይላንድና የቺፕስ ላስቲክ። የግድቡን ስም አልጠየቅኋቸውም፤ ምን ሊባል እንደሚችል የታወቀ ነው። የእውነተኛው ህዳሴ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስኪመረቅ 14 ዓመት ሄዷል። የእነዚህ ከመክሰስ በፊት ሦስት ጊዜ ተመረቀ፣ ሁለት ጊዜ ተደረመሰ። የሚጡ ሥራ ጭቃ ማቡካት ነው። በሁለት እጇ፣ እስከ ክርኗ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። ትልም አግኝታ ለብቻው በቆርኪ አስቀምጣለታለች።

የታችኛው ተፋሰስ የምድር ቤቷ እማማ ናቸው። ቦዩ የሚያልፈው በጎመን መደባቸው ጥግ ነው። መጥረጊያ ይዘው ወጡ። አሁን ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ውሃውን ስትለቁት ንገሩኝ፣ ጎመኔን እንዳይወስደው» አሉ። ኢንጂነሩ ቀና ብሎ፣ «እሺ እማማ፣ ቀስ እያደረግን ነው የምንለቀው» አለ። በቃ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ አደራዳሪም አልነበረም።

እኔ ሹራብና ዣንጥላ ይዤ ደረጃውን ስወርድ ሰዓቴን አየሁ። ከጠፋች ጀምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል። ልጄ ላብ በላብ ናት። 60ው ደቂቃ ማንም ሳያዝዘው ሞልቶ ፈሷል። ለባለቤቴ ከታች ሆኜ በእጄ ምልክት አሳየኋት፤ ከበረንዳው ሆና እሷም ሰዓቷን አየች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። «ቢያንስ ጫማዋን ቀይርላት» አለች።

«አፈር አንሶናል» አለ ኢንጂነሩ ለማንም ሳይሆን።

እዚህ ላይ ልቤ ሞቀ። የእኔ ቀን መጣ። አራት ፎቅ ወጣሁ፤ ያን ግማሽ ጆንያ ራሴ ተሸክሜ አራት ፎቅ ወረድኩ። በየፎቁ እያረፍኩ፣ ሦስተኛው ላይ ያንን ጎረምሳ እያሰብኩ። ቦዩ ዳር አስቀምጬ አፉን ፈታሁላቸው። ልጆቹ ከበቡኝ። ኢንጂነሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ በጣቶቹ መሀል አፈሰሰው፤ እንደ ዱቄት ቦነነ። በትንሽ ውሃ ነክሮ ጨመቀው፤ አልያያዝም አለው።

«የሚጡ አባት፣ ይሄ እኮ ጠጠር የለውም። አይዝም።»

«ነፍቼው ነው» አልኩ።

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ጆንያውን ግን በሁለት ጣቱ ይዞ ዳበሰው፤ ጎተት ጎተት አድርጎ ጥንካሬውን ፈተሸ። «ጆንያው ይጠቅመናል። ለግድቡ በር ይሆናል» አለ።

«አፈሩን የት ልድፋው ታዲያ?»

«የትም፣ ጋሼ» አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሥራው እየተመለሰ። «አፈር እኮ ነው።»